ፊት የሚለየው ፕሮግራም

ዱሉዝ፣ ጥር 9

ለእህቴ ለኢንጋ፤

የአሪዞና ሙቀት ተስማምቶሽ በጤና እንደሰነበትሽ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በረዶው እስከ መስኮቱ ቢደርስም ደህና ነን።

ሰሞኑን ስድስት ሺህ ፎቶዎቻችንን ኮምፒውተር ላይ እያደራጀሁ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ መመሪያውን አንብቤ ራሴ ቻልኩት። ፕሮግራሙ ተመሳሳይ ፊቶችን አንድ ላይ ሰብስቦ "ይህ ማን ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ ስሙን መጻፍ የእኔ ሥራ ነው።

ማክሰኞ ዕለት የአንዲት ሴት ሦስት መቶ ፎቶ አመጣልኝ። በአንዱ በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ ዓሣ ታጠምዳለች፤ በሌላው በሠርጋችን ቀን ከእኔና ከአርሊስ ጎን ቆማለች። ፕሮግራሙ የሌላ ሰው ፎቶ የቀላቀለብኝ መስሎኝ "የማላውቃት" ብዬ ጻፍኩ።

አርሊስ ከኋላዬ ሆና አየችና ሳቀች። "አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ደግሞ ከእህትህ ጋር ተጣላህ?"

"ከየትኛዋ እህቴ?" አልኳት።

ሳቋ ቆመ። ያለሽኝ እህት አንቺ ብቻ ነሽ። ፎቶዎቹን እንደገና አየኋቸው፤ ሴትዮዋ አንቺ ነበርሽ። የአባታችን ቀይ ኮፍያ እንኳ ራስሽ ላይ ነበር።

መነጽሬ አርጅቷል። አርሊስ ሐኪም ዘንድ እንሂድ ትላለች፤ ለመነጽር ከሆነ እሄዳለሁ ብያታለሁ፣ ለሌላ ግን አልሄድም። ፕሮግራሙ ስም አንዴ ከተጻፈ ይበቃል ቢልም፣ ስምሽን በሦስት መቶው ላይ አንድ በአንድ ጻፍኩት።

በሐምሌ እመጣለሁ ብለሻል። ከቻልሽ በሚያዝያ ነይ። በሩን ስታንኳኪም ስምሽን ጮክ ብለሽ ተናገሪ።

በደህና ያገናኘን።

ወንድምሽ ሃልቮር