ከምስጋናው በግ በኋላ

ልጄ ጸሎት፣ ፈጣሪ ባለሽበት አገር ይጠብቅሽ፤ ሕመምሽን ለኔ ያድርገው እንዳልል የራሴው በዝቶብኛል።

ጂንካ ዝናቡ ገብቷል። የካንሰሩን ኬሞም ጨረርም ጨርሼ ከአዲስ አበባ የገባሁ ዕለት አባትሽ ደስ ብሎት በግ አርዶ ሰፈሩን ጠራ። ሁሉም "እንኳን ዳንሽ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ መታመም ተከለከልኩ። ሐኪሙ "ድካሙ ወራት ይፈጃል፣ ታገሺ" ብሎኛል፤ አባትሽ ግን ዲመካ ከተማ ወርጄ ሱቃችንን እንድከፍት ይፈልጋል።

ትናንት እስከ አጥሩ በር ሄጄ መመለሻ አቅም አጣሁና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አላፊው ሁሉ "ተመስገን፣ ፀሐይ መሞቅ ጀመርሽ!" እያለኝ አለፈ። የሚያነሳኝ ጠፋ።

ጤናውን ላንቺ ያብዛልሽ። ስትደውዪ "ዳንሽ አይደል?" አትበይኝ፣ እናቴ። "ዛሬስ ደከመሽ?" በይኝ፤ ለአንድ ሰው እንኳ "አዎ" ልበል።

እናትሽ የሺሃረግ