የስፌት ቤቱ ባለቤት የጻፈችልሽ ድጋፍ

ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ፤ መቀስሽ አይደንዝብሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ለፋሽን ኮሌጁ ማመልከቻ የጠየቅሽውን የድጋፍ ደብዳቤ የምሠራበት ስፌት ቤት ባለቤት ጻፈችልሽ። «አሞግሼያታለሁ» ብላ ሳታሽገው ሰጠችኝ፤ በስተርጅና ፊደል መቁጠሬን አልሰማችም። «ልጅቷ የእጅ አመል አለባት፤ ጨርቅ ትሰርቃለች» ይላል። ሃያ ዓመት የሰፋሁላት ሴትዮ። እዚያው ስፌት ቤቱ ውስጥ፣ አንዲት ሙሽራ ቀሚስ እየለካች ሳለ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ማንበብ?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«እንደሚሰሙኝ ነው፣ እትዬ።»

ሙሽራዋ ቀሚሱን አውልቃ ወጣች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ድጋፉን እኔው ጽፌ ልኬልሻለሁ። ጽሑፌ ቢንጋደድም አደራ፣ ሳታስተካክይ አያይዢው። ተመርቀሽ ስትመጪ ሱቅሽን ከእሷ ፊት ለፊት ክፈቺልኝ። እስክታየው ድረስ ለእሷም ዕድሜ ይስጣት።

እናትሽ