«መግቢያ በነፃ» ስለተባለው የብራዚላውያን ፌስቲቫልና ከሥራው ስለታገደው ዘበኛ

ለተከበሩ የከተማችን የባህልና የኪነ ጥበብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ጤናና ዕረፍት እመኛለሁ፤ በተለይ ዕረፍት፣ የመክፈቻ ንግግርዎን ከአዳራሹ ውጭ ቆሜ በድምፅ ማጉያ ስከታተል መጨረሻው ሲርቅብዎ ተሰምቶኛልና። ከብራዚል ድረስ ከበሮ መቺዎችን፣ ተወዛዋዦችን፣ ሠዓሊዎችንና ፊልም ሠሪዎችን አስመጥተው ሥራቸው ለሕዝብ በነፃ እንዲታይ ማድረግዎ የሚያስመሰግን ነው። ምስጋናዬ ጎዶሎ እንዳይሆን የሚከተሉትን ልጨምርበት።

1. በየግድግዳው የተለጠፈው ማስታወቂያ «መግቢያ በነፃ፣ ሁላችሁም ተጋብዛችኋል» ይላል። በሩ ላይ ግን የጥሪ ካርድ ተጠየቅን። ልጆቿን አጥባና አልብሳ የመጣችው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ «ጋሼ፣ ሁላችሁም ያሉት እነማንን ነው?» አለችኝ። ነፃነቱ የገባን ከበሩ ስንመለስ ነው፤ ለመመለስ ማንም አላስከፈለንም።

2. ነጭ ጨርቅ የለበሱት የፊት ወንበሮች ለክቡራን እንግዶች ተጠብቀው፣ ክቡራኑ ሳይመጡ ቀሩ። በመስኮት እንዳየነው ወንበሮቹ ንግግርዎን አንድም ሳያዛጉ አዳምጠዋል።

3. «ካርድ የሌለው፣ አባቴም ቢሆን አይግባ» ብለው እርስዎ ዘበኛውን አዘዙ። ሰፈራችን ጋሽ ቁልፉ የሚለው ይህ ሰው የታዘዘውን ፈጸመ። ከበሮ መቺዎቹ ከሆቴላቸው በእግራቸው፣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር እየተሳሳቁ መጡ። መልካቸው የእኛው፣ ጫማቸው እንደ እኛው አቧራ የጠጣ፤ ካርድ የላቸውም። ደረታቸውን እየመቱ «ብራዚል፣ ብራዚል» ቢሉት ጋሽ ቁልፉ «እኔም የብራዚል ንጉሥ ነኝ፤ ወንድሜ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ አታስቀልደኝ» አላቸው። አይፈረድበትም፤ የልብስ ሰፊዋ ወንድም ጥቂት ቀደም ብሎ ያንኑ ብሎ ለመግባት ሞክሮ ነበር።

እርስዎ በዚያች ሰዓት «ከብራዚል የመጡት ክቡራን እንግዶቻችን እነሆ በመካከላችን ይገኛሉ» እያሉ ነበር። አልተሳሳቱም፤ በመካከላችን ነበሩ። ከበሮዎቻቸው ቀድመው መድረክ ላይ ስለወጡ በሩ አጠገብ ያለውን የአትክልት ሻጭ ሳጥኖችና ባዶ ጄሪካን ገልብጠው መምታት ጀመሩ። ልብስ ሰፊዋም፣ ልጆቿም፣ በጉልበቴ የማልተማመን እኔም ጨፈርን። አስተባባሪው እየሮጠ ወጥቶ እስኪያስገባቸው ድረስ ፌስቲቫሉ በእውነት ነፃ ነበር፤ ለዚህም እናመሰግናለን።

4. በማግስቱ ጋሽ ቁልፉ «የአገር ገጽታ በማጉደፍ» ከሥራው ታገደ። ትእዛዙን የሰጠው ሰው ግን በደህና ቢሮው መግባቱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የዘበኛው ባለቤት ቤቴ ድረስ መጥታ «ትእዛዝ ቢጥስ ያባርሩት ነበር፤ ቢያከብር አባረሩት፤ ታዲያ ምን ያድርግላቸው?» ስትል ጠየቀችኝ። በጋዜጣ ሥራ የሸበትሁ ሰው ነኝ፤ መልስን ከምንጩ መጠየቅ ስለለመድሁ ጥያቄዋን እንዳለ ለክቡርነትዎ አስተላልፌያለሁ።

እባክዎ ይፍጠኑ። በዚያ ቤት ደመወዝተኛው እሱ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት የደንብ ልብሱን ለብሶ ደጁ ላይ ይቀመጣል፤ ይነሣል፤ ተመልሶ ይቀመጣል። እሱን በመስኮቴ እያየሁ እኔም አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል፤ ይህንንም የምጽፈው ቆሜ ነው። የፌስቲቫሉ መዝጊያ ቅዳሜ ነው። ከዚያ በፊት «ትእዛዙ የእኔ ነበር» የሚል አንድ መስመር ይበቃዋል፤ ከመክፈቻ ንግግርዎ እጅግ ያጠረ ስለሆነ አያደክምዎትም።

ከደጅ ሆኜ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣
ካርድ ያልደረሰኝ የአዳራሹ ጎረቤት

ማስታወሻ፦ ከበሮ መቺዎቹ ቅዳሜ በሩ ላይ ያው ዘበኛ እንዲቆምላቸው በአስተርጓሚያቸው በኩል ጠይቀዋል። እዚህ ከመጡ ወዲህ ከመንግሥት ሠራተኞች መካከል ከወረቀት ሳያነብ ያነጋገራቸው እሱ ብቻ ነው ይላሉ።