“ደክሞኛል” ብለው እውነቱን የተናገሩት የአቶ ጉልላት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ

አቶ ጉልላት ተክለ ማርያም ከአባታቸው ከአቶ ተክለ ማርያም ወልዴና ከእናታቸው ከወ/ሮ አሰፋሽ ንጋቱ በ1927 ዓ.ም. ይፋት ውስጥ ተወለዱ። ደብረ ብርሃን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው በ1946 ዓ.ም. በመንገድ ጥገና ሥራ ተቀጠሩ። በ1953 ዓ.ም. አዋሽ ላይ ከወ/ሮ ስንቅነሽ ካሣ ጋር ትዳር መሥርተው ልጆቻቸውን አትክልትንና ቢሰጥን አፍርተዋል።

በ1968 ዓ.ም. የሰርዶ ጥገና ካምፕ ፎርማን ሆነው ሲዛወሩ ቤተሰባቸው አዋሽ ቀረ። የአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ተለይቶት ስለማያውቅ የዓመት ፈቃድ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። የሰርዶው ባለ ሆቴል ከድሩ፣ “ጋሼ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ቁጭ ብለው ይብሉ” እያለ ቢለምናቸውም ቆመው ጎርሰው ይሄዱ ነበር። በ1974 ዓ.ም. አትክልት ስትዳር አዳይቱ ላይ ጎርፍ የቆረጠውን መንገድ ሲያስጠግኑ ሠርጓ ላይ አልተገኙም። ሌላ ሰው መላክ ይችሉ እንደነበር ኋላ ራሳቸው ተናግረዋል። የደም ግፊታቸውም ያን ጊዜ ጀምሯቸው ነበር።

በ1977 ዓ.ም. የአብዮት በዓል ኮከብ ሠራተኛ ተብለው መድረክ ላይ ወጡ። የዕረፍት ቀናቸውንም በነፃ ሊሠሩ ቃል እንዲገቡ ንግግር ተጽፎላቸው ነበር። ወረቀቱን አጥፈው ያዙና፣ “ጓዶች፣ እኔ ደክሞኛል። እንዲህ የሠራሁት ቁጭ ማለት ስለማላውቅበት ነው። ልጄን ሳልድር ቀረሁ። ከእንግዲህ የማልፈጽመውን ቃል አልገባም” አሉ። ወ/ሮ ስንቅነሽ ባለቤታቸውን ዳግመኛ የሚያዩ አልመሰላቸውም። አቶ ጉልላት ለሚመለከታቸው ክፍሎች መልስ ሲሰጡ ሰንብተው፣ ከፎርማንነት ተነሥተው ወደ አዋሽ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ።

ዕረፍት ቶሎ አልሆነላቸውም። ያልተበላሸ በር እየነቀሉ ሲገጥሙ ወ/ሮ ስንቅነሽ፣ “በሩን ተወውና እኔን አጫውተኝ” ይሏቸው ነበር። ቀስ በቀስ ግን ምሳቸውን ቁጭ ብለው በሉ፤ ማታ ማታ ከባለቤታቸው ጋር ወደ ወንዙ አፋፍ ወጡ። አትክልትንም ቤቷ ሄደው ይቅርታ ጠየቋት፤ የመጀመሪያ ልጇን ክርስትናም ራሳቸው ደገሱ።

ሆኖም የደከመ ልባቸው ሊጠገን አልቻለም። ሲታከሙ ቆይተው ሰኔ 4 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው፣ ቤታቸው ውስጥ፣ ልጆቻቸው አጠገባቸው እንዳሉ አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ቀርተዋል።

ዕረፍትን ዘግይተው የለመዱትን አባታችንን አምላካችን በአብርሃም እቅፍ ያሳርፍልን፤ እኛንም ያጽናን። አሜን።