ዴሊያ እንዳትናገር

ሴፕቴምበር 9፣ 1857፣ ረቡዕ
ዱባ ቆራርጬ ጣሪያው ላይ አሰጣሁ። ዝንቡ አላስቀምጥ አለኝ። ኦሪን ጠመንጃውን ይዞ ከሚሊሻው ጋር ወጣ። ከአርካንሶ ወደ ካሊፎርኒያ የሚያልፉትን መንገደኞች ፓዩት የሚባሉት ቀይ ሕንዶች ሜዳው ላይ ከበቧቸው አሉ። "ልታድኗቸው ነው?" ብዬ ብጠይቀው "አንቺ ዱባሽን አስጪ" አለኝ። ባልም እንዲህ ነው።

ሴፕቴምበር 12፣ ቅዳሜ
ተመለሰ። አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ አቅፎ። ቀሚሷ ደም በደም ነው። "ፓዩቶቹ ጨረሷቸው" አለ። ሴቶቹንም? ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሄደ። ሲታጠብ ከጆሮው ጀርባ ቀይ ቀለም አየሁ። ፓዩቶች ለጦርነት የሚቀቡት ዓይነት... ልጅቷን ስሟን ብጠይቃት "ዴሊያ" አለችኝ።

ሴፕቴምበር 16
ወጥሬ ያዝኩት፣ ነገረኝ። "መሣሪያችሁን ስጡን፣ በሰላም እናሳልፋችኋለን" ብለው አወጧቸው። ከዚያ ፈጇቸው፣ ገሚሱ እንደ ፓዩት ቀለም ተቀብቶ... የእኛው ሰዎች! እሑድ እሑድ አብረውን የሚዘምሩት! ላይናገሩም ተማምለዋል። ያተረፉት አይተው መናገር የማይችሉትን ሕፃናት ብቻ ነው። "ይቺ ብትናገርስ?" አልኩት። ጠመንጃውን አንስቶ መወልወል ጀመረ።

ኦክቶበር 1፣ ሐሙስ፣ የጾም ቀን
ልጆች በጉባኤ ፊት የሚባረኩበት ቀን። ወንዶቹ ዴሊያን ከበው እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። ኦሪን አዲስ ስም ሊያወጣላት፣ ሩት ሊላት። ሞኝ! በዚያ እጅ? ገና ሲነካት ጮኸች። "ቀለም የተቀባው ሰውዬ! እማዬን..."
አቅፌያት ወጣሁ። የጉባኤያችን ኤጲስ ቆጶስ በር ላይ ጠበቀኝ።
"እህት ሎቪና፣ ልጅቷ አፏን ፈታች እንዴ?"
"ትቃዣለች፣ ወንድሜ።"
"ቅዠት ከሆነ ጥሩ።"
ይገድሉብኛል።

ኦክቶበር 2
ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። "ያየሽውን ለማንም አትናገሪ። እኔ ተናገሪ እስክልሽ።"
"ለእግዜርም?"
ምን ልበል?... "ለእግዜርም" አልኳት። ምን ዓይነት ሰው ሆንኩ?

ኖቬምበር 20
ጭራሽ መናገር ተወች። ውሃ ሲጠማት እንኳ ቀሚሴን ትጎትታለች።

ኤፕሪል 19፣ 1859
የመንግሥት ሰው መጣ። የተረፉትን ልጆች ሰብስቦ አርካንሶ ላሉ ዘመዶቻቸው ሊያደርስ። የበቆሎ ቂጣ ቋጠርኩላት።
"ዲዳ ናት" አለው ኦሪን።
ሠረገላው ላይ ሳወጣት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ዓመት ከመንፈቅ ያልሰማሁት ድምፅ...
"እማ፣ አሁን ልናገር?"
ኦሪን ክንዴን ጨመደደኝ።
"ተናገሪ፣ ልጄ" አልኳት፣ ሁሉም እየሰማ። "አንድም ሳታስቀሪ ተናገሪ።"
ሠረገላው ከዓይን ከተሰወረ በኋላም ክንዴን አልለቀቀኝም።