የልብስ ሰፊው ጡንቻ

ጥቅምት 3

ዝናብ። ሁለት ክፍል አስተማርኩ። ጫማዬ ውሃ አስገባ። ከሰዓት በኋላ የጭን ካርዶችን ጀመርኩ... ሰባት ዓመት ሙሉ ለአካል ክፍሎች ስም ካርድ መጻፍ፣ ጤነኛ ነኝ ግን? ዛሬ ሳርቶሪየስ። ከዳሌ ተነስቶ ጭንን በሰያፍ አቋርጦ ከጉልበት በታች የሚያርፍ ረጅም ጡንቻ። ስሙ በላቲን ከልብስ ሰፊ የመጣ፤ ልብስ ሰፊዎች እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ይሰፉ ስለነበር።

ለአባዬ ደወልኩለት። ዕድሜውን በመርፌ ያሳለፈ ሰው፣ ደስ ይበለው ብዬ። "በሙያህ የተሰየመ ጡንቻ ጭንህ ላይ አለ" አልኩት።

"ታዲያ የሙያ ባልደረባዬ ከሆነ ለምን እንዲህ ያሠቃየኛል?"

ጥቅምት 19

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ፣ ተማሪዎች "ክራቫቱ" የሚሉት፣ ስብሰባ ላይ አርባ ገጽ አደለን። የእጅ አጥንቶች ስም፣ ትርጉምና አመጣጥ። የእኔ ካርዶች! ነጠላ ሰረዜ ሳይቀር። "አየት አድርጌ ልመልስልሽ" ብሎ የወሰዳቸው። ላዩ ላይ የእሱ ስም ብቻ።

ኮሪደር ላይ ያዝኩት። "የእኔ ስምስ?"

"አይ እህቴ... እኛ ቤተሰብ አይደለን? ስም ምን ያደርጋል?"

ደሜ ፈላ።

ጥቅምት 22

ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። "የእግሩንስ መቼ ትሰጪኛለሽ?"

እሰጠዋለሁ። ለምን አልሰጠው? አንዷን ካርድ ብቻ ቀየርኳት፦ "ሳርቶሪየስ፣ ጡንቻውን መጀመሪያ ባገኘው ሐኪም ስም የተሰየመ።" እንዲህ የሚባል ሐኪም የለም፤ ቁጭ ብዬ የፈጠርኩት ነው። ቅጂዋን በፖስታ ለራሴ ላክሁ። ሳልከፍት አስቀምጣታለሁ፣ ማህተሙ ቀኑን ይመሰክራል። እሱ እንደሆነ መዝገበ ቃላት አይገልጥም። ጽሑፍ በሚያቀርብበት የኅዳር ጉባኤ ላይ በታላላቅ ሐኪሞች ፊት ያነባታል፣ ያኔ እነሳለሁ... አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል!

ኅዳር 30

አነበባት! "ታላቁ ሐኪም ሳርቶሪየስ" አለ። ከራሱም ጨመረበት፦ "በድህነት የሞተ።" ሳቅ ጠበቅሁ... አዳራሹ አጨበጨበ። አንድ ሽማግሌ ቀዶ ሐኪም እንደሚያውቀው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

ተነሳሁ። "ምንጩን ቢነግሩን?"

"እህቴ፣ ይሄ እኮ የታወቀ ነው።"

ሳቁ ለእኔ ሆነ። ፖስታው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። "ውሸቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ" ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ... ቦርሳዬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ወይ ነዶ!

ጥር 8

ክራቫቱ ካርዶቼን መጽሐፍ አድርጎ አሳተማቸው። ገጽ መቶ አሥራ ሁለት፣ ውሸቴ ከነነጠላ ሰረዟ።

መጋቢት 14

የእህቴ ልጅ ለነርስነት ፈተናዋ ሳሎን ውስጥ ጮክ ብላ ታጠናለች። "ሳርቶሪየስ፣ በሐኪሙ ስም..."

"ማን አለሽ?"

"መጽሐፉ ነዋ፣ አክስቴ! ባለፈው ፈተና መጥቶ አግኝቼዋለሁ።"

ልብስ ሰፊ ማለት ነው አልኳት። አዘነችልኝ። "እሺ፣ ግን እንደዚያ ከጻፍኩ ይቆረጥብኛል" አለች።

እሱን ለመቅጣት ብዬ የስንቱን ልጅ ጭንቅላት አበላሸሁ? አፈርኩ። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ ለሁለታችንም ይበቃል።

መጋቢት 16

ለዲኑ ደብዳቤ አስገባሁ፣ ያልተከፈተውን ፖስታ አያይዤ። ሊያባርሩኝ ይችላሉ። ያባርሩኝ! እሱም አብሮኝ ይወጣል።

ክራቫቱን ደረጃው ላይ አገኘሁት። "የሆድ ዕቃውንስ መቼ ነው፣ እህቴ?"

"ዲኑን ይጠይቁ" አልኩት።

በዚያ ሁሉ መጽሐፍ ውስጥ የእኔ መሆኑን ማንም ሊክደኝ የማይችል አንድ መስመር ብቻ አለ... እሱም ውሸት ነው። ፈርሜበታለሁ።