ከአባዬ ምላስ ሥር

ኅዳር 20 ቀን 1997 ዓ.ም.
ከብት ስንከትብ ዋልን። የአረጋ በሬ እጄን በለሃጭ አራሰኝ። «መረቀሽ!» ብሎ ሳቀብኝ አረጋ። በሬ በቀን አራት አምስት እንስራ ምራቅ ያመነጫል ሲሉን ተማሪ ሳለሁ መቼ አምኜ...

ቤት ስገባ አባዬ ከቅዳሴ መልስ እየበሉ ነው። መንጋጋቸው ሥር እንቁላል የሚያህል እብጠት! «ተይው፣ ይጠፋል» አሉ። እውነትም ሲመሽ ጠፋ።

ኅዳር 23
ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። በእውቀቱ የሚባለው ሐኪም ዳሰሰ፣ ምንም የለም። ከሰዓት እህል ሲቀምሱ ግን ያው አበጠ። ነቀርሳ ይሆን? አፋቸውን መክፈት እያመማቸው ነው። ለገና ማሕሌት ባይቆሙስ? መሪጌታ ያለ ዜማ ምን ይሆናል?

ታኅሣሥ 1
አባዬ ሥራ ስወጣ «እትፍ እትፍ» ብለው ሳይመርቁኝ ቀርተው አያውቁም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ። አሁን ትተውታል። ለምን አልኳቸው።
«በሽታው በምራቄ እንዳይጋባብሽ።»
መንገድ ላይ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 4
ዛሬም ጠዋት ሄድን። ዛሬም ምንም።
ቆይ... ጦመኛ ሰው፣ ሁልጊዜ በጠዋት፣ አፉ ደርቆ! የሚያብጠው ሲበሉ አይደል? ምን ነካኝ?

ታኅሣሥ 5
ለበእውቀቱ ነገርኩት። «እንግዲያው አሁን ትንሽ ይቅመሱና ልየው» አለ።
«ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ? አላደርገውም!» አሉ አባዬ።
ሎሚ አስመጣና ፊታቸው ቆረጠው። «አይቅመሱት የኔታ፣ ዝም ብለው ይዩት።»

እንዴት ብዬ ልጻፈው... ጠብታ ሳይቀምሱ አፋቸው ሞላ። ዓይናችን እያየ መንጋጋቸው ሥር አበጠ። ሎሚውን ያየው ዓይን፣ የሰማው የምራቅ ዕጢ! በእውቀቱ ምላሳቸውን አስነስቶ ባትሪ አበራ። የምራቁ መውጫ ላይ ነጭ ነገር ተወትፏል። አደንዝዞ ጫር አደረገና ከሥር ገፋው። የምስር ፍሬ የምታህል ጠጠር ወጣች፤ ምራቁ ተከትሏት ወረደ።

«ምራቁ ራሱ ቀስ በቀስ የሠራት ናት። ነቀርሳ አይደለም፣ አይጋባም» አለ።

አባዬ መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩዋት። «ድንጋይ ሲፈለፈል በኖረበት አገር ተወልጄ፣ ደግሞ ከኔው አፍ ይፈልፈል?» ሁሉም ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። በግ ሲታረድ ይህን ዕጢ ስንት ጊዜ በእጄ ይዣለሁ፤ ሥጋ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አቤት ሥራህ!

ታኅሣሥ 29
ቤተ ማርያም። ከላይ ዙሪያውን ከቆሙት ካህናት መካከል የአባዬን ድምፅ ለየሁት።
ቤት ገብተን ገደፍን። ዓይኔን ከመንጋጋቸው አልነቀልኩም። አላበጠም።
ላም ምጥ ጸንቶባት በበዓል ቀን ተጠራሁ። በር ላይ ስደርስ አባዬ፣ «ሰገነት፣ ነይ እስቲ» አሉኝ።
ጎንበስ አልኩ።
«እትፍ እትፍ! እደጊ፣ ተመንደጊ።»
በዚህ ዕድሜዬ እደጊ... ግንባሬ ረጠበ። ሳልጠርገው ሄድኩ።